በሚወድቀው ላይ የሚመታ ሚስማር

እናቷ ያወጣችላት ስም የቀረው በመታወቂያዋ ላይ ብቻ ነበር። በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ከሽማግሌው ባለቤት ጀምሮ እስከ ቫርኒሽ ቀቢዋ ድረስ ሁሉም የሚጠራት ሙጬ እያለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ባንኮ ጫፍ፣ በአንድ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የኮላ ቅርፊት ከጣቶቿ ላይ ሳይለይ ኖራለችና ስሙ አልከበዳትም። እንዲያውም አንዳንድ ቀን በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ሲገጥማት፣ ሌላ ሴት የተጠራች ይመስል ወደ ኋላዋ ዞር ትል ነበር።

ሥራዋ ለማያውቀው ሰው ሥራ አይመስልም። በአንድ ልክ የተቆረጠ ስስ ኮምፔርሳቶ ይመጣላታል። አቧራውን ታራግፋለች፤ በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ የጎበጠውን ታወጣለች። ከዚያ የእንጨቱን ጅማት ወደ አንድ አቅጣጫ እያደረገች አራቱን አንዱን ባንዱ ላይ ትደርብና አንድ ላይ ታስራቸዋለች። ይህን አራት ሆኖ አንድ የሆነ እንጨት በሥራ ቤቱ «ድርብ» ይሉታል። መጋዙ በድርቡ ላይ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት የወንበር መደገፊያ፣ አራት የመስታወት ዙሪያ ጌጥ ይወጣል። ታዲያ ከአራቱ አንዷ የፀጉር ውፍረት ታህል ከተንሸራተተች፣ ከላይ ጽጌረዳ የነበረችው ከታች ጎመን ሆና ትገኛለች። ሙጬ በቁጣ ከምትናገራቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ «እኔ ባለሁበት ጎመን አይወጣም!» ትላለች።

ድርብ ማሰርን ያስተማሯት ሽማግሌው ባለቤት ናቸው። «ልጄ፣» አሏት በመጀመሪያው ቀን፣ «ሚስማር የሚመታው በሚወድቀው ላይ ነው። የሚቀረውን እንዳትነኪው።» ሥዕሉ ከላይ ሲለጠፍ፣ ጌጥ ሆኖ የሚቀረውና ተቆርጦ የሚወድቀው ይለያል። ቀጫጭኑ ሚስማርም ሆነ የኮላው ጠብታ የሚገባው ከሚወድቀው ውስጥ ነው። እንግዲህ እስከ መጨረሻው አራቱን እንደ አንድ የሚይዛቸው፣ ማታ በመጥረጊያ ተጠርጎ የሚጣለው ቁርጥራጭ ነው ማለት ነው። ስለዚህም አቆራረጡ ተራ አለው። ድርቡን የያዘው ቁራጭ ቀድሞ ከወደቀ፣ የቀረው በመንገድ ላይ ይፈታል። ሙጬ በየቁራጩ ላይ ስለቱ የሚገባበትን ቀዳዳ በስታ፣ ተራውን በእርሳስ ትጽፋለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያለች።

ቆራጩ ባሏ ነው። ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ስለቱ እንደ ክር የቀጠነ፣ በአንድ ቦታ ቆሞ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለስ መጋዝ ነበረው። ከመስመር ወጥቶ ስለማያውቅ አባ መስመር ይሉት ነበር። «አባ መስመር እኮ ቢሰክሩ እንኳ መንገዱን ሳይለቁ ነው የሚወድቁት» እያለች ቀቢዋ ታስቃቸው ነበር። እሱም ከማንም በላይ ይስቃል። ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። ሙጬ ገና ለጽዳት የተቀጠረች ልጅ ሳለች፣ ሽማግሌው ድርብ እንድታስር ሲሞክሯት፣ የመጀመሪያዋን ሚስማር መስመሩ ላይ መታቻት። ስለቱ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ያን ጊዜ ቆራጩ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህቺን ልጅ ወይ ያባርሩልኝ ወይ ይዳሩልኝ፤ በየቀኑ ስለት መቀየር አልችልም» አለ። ዳሯቸው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ እሷ ያሰረችውን እሱ ሲቆርጥ፣ አንዲት ሴት ልጅ አሳድገው ራቅ ወዳለ ከተማ ዳሩ፤ ፀጉራቸውም በሰጋቱራው ይሁን በዕድሜው ሳይታወቅ ነጣ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እነሱ ግን ያልፈሩት ነው የደረሰው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ ሙጬ ልብሷን ለብሳ ሳትጨርስ ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያያት ቆየና፣

«ፊትሽን የት ጣልሽው?» አላት።

ጨዋታ መስሏት፣ «አንተን ካገባሁ ጊዜ ጀምሮ አላየሁትም» አለችው።

አልሳቀም። እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ በአየር ላይ ሲፈልጋት ቆየ።

የዐይን ሐኪሟ ለስላሳ ሴት ነበረች፤ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። «ዳር ዳሩን ያያሉ፣ አባቴ። መሃሉ ግን እየጠፋ ነው የሚሄደው። የሚመለስ አይደለም።»

«ታዲያ የኔ ሥራ እኮ መሃሉ ላይ ነው» አለ አባ መስመር፣ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ ክንዷን ያዘ። ለሰው እንዳትናገር ያስማላት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወንበር መነሳት ለእሱ ከሥራ መውጣት ብቻ አልነበረም። ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅማ! በአሥራ አራት ዓመቱ ተቀምጦበት፣ ወንድ የሆነው እዚያ፣ ባል የሆነው እዚያ፣ አባት የሆነውም እዚያ ነው። ሙጬ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ማለች፤ ቀጥሎም ዘዴውን የፈጠረችው ራሷ ሆነች።

ዘዴው እንዲህ ነበር። ሥዕሉን ከድርቡ ላይ ከለጠፈች በኋላ፣ ሰንጢዋን አውጥታ መስመሩን በጫፉ ትከተለዋለች። የሰሊጥ ፍሬ ታህል ጥልቀት ያላት ቦይ ትወጣለች። አባ መስመር የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት ከቦይዋ ውስጥ ያሳርፋል፤ ጣቱ ከፊት ይሄዳል፣ ስለቱ ከኋላ ይከተላል። የመጀመሪያውን ቀን አራት ጽጌረዳ አወጣ፤ አንዷም እንከን አልነበረባት። በምሳ ሰዓት ከግቢው ጀርባ፣ ከጣውላው ክምር ላይ ተቀምጠው ማልቀስ ሲገባቸው እንደ ሕፃን ሳቁ።

ሳቁ ግን ዋጋ ነበረው። ጣቱ ከስለቱ የሚርቀው አንዲት የገብስ ፍሬ ነበር። ሙጬ ከዚያ ቀን ወዲህ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀምጣ አታውቅም። ድርብ እያሰረች ጆሮዋ መጋዙ ላይ ነው። ስለቱ በመስመሩ ሲሄድ ድምፁ እንደ ንብ ነው፤ ሲስት እንደ ተርብ ይቆጣል። በመጀመሪያው ክረምት ሦስት ጊዜ ሰጋቱራው ቀላ። ሦስቱንም ጊዜ ጣቱን ይዛ በፕላስተር ጠቀለለችው፤ ለጠየቀ ሰው ሁሉ «ቢላ ነው፣ ሽንኩርት ሲልጥልኝ» አለች።

«እሳቸው ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ?» አለች ቀቢዋ። «ዓለም ልታልፍ ነው በይኛ!»

በሦስተኛው ጊዜ ጥፍሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቤት ሲገቡ ሙጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ይበቃል። እንንገራቸውና ተነሳ።»

«የነገርሻቸው ዕለት ቀብረሽኛል» አላት። በዚህ ቀረ።

ሽማግሌው ባለቤት ሲያርፉ ሥራ ቤቱ ለወንድማቸው ልጅ ተላለፈ፤ እሱም ፎርማን ቀጠረ። ፎርማኑ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ ንጹሕ፣ እርሳሱ ከጆሮው የማይለይ፣ ትልቅ ሰው የሚያከብር ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለ። አንድ ቀን አንድ መዳፍ የሚሰፋ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር በጥቅል በጥቅል ይዞ መጣ። ለአንድ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ የወንበር መደገፊያ ታዟል፤ ጊዜው ደግሞ አጭር ነው።

«እትዬ ሙጬ፣ ከእንግዲህ ኮላውንም ሚስማሩንም ያሳርፉት። በዚህ እንጠቀልለዋለን።»

«ልጄ፣ ፕላስተር ለቁስል ነው እንጂ ለእንጨት ምን ይሆናል?»

«ከላይም ከታችም ከዳርም ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ስለቱም ስለሚንሸራተትበት እንጨቱ አያርርም። ሥዕሉ ከሥሩ ስለሚሆን አይላጥም። ደግሞ ከአራት ወደ ስምንት እናሳድገዋለን።»

«ስምንት!» አለ አባ መስመር ከመስኮቱ ሥር። «እኔ ቆራጭ ነኝ እንጂ ባቡር ነኝ እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ፤ ፎርማኑም ሳቀ። ሙጬ ግን ፕላስተሩን በጣቷ ዳበሰችው። ሰውዬው የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። በዚያው ቀን አንድ ድርብ ጠቅልላ ስታየው፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ጠብቆ የታሰረ ድርብ አላየችም። ስምንቱ እንደ አንድ ጡብ ሆነዋል።

ቦይዋን ግን ከየት ታምጣት? መጀመሪያ ሥዕሉን በሰንጢ ከተከተለች በኋላ ፕላስተሩን ከላይ ለጠፈችበት። አባ መስመር በጣቱ ዳብሶ ዳብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምንም የለም። መስታወት ነው» አላት። ቀጥላ ከፕላስተሩ በላይ አስኬደችው። ቦይዋ ተገኘች፤ ነገር ግን የተተለተለው ፕላስተር መጋዙ ሲያንቀጠቅጠው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፣ ድርቡም ላላ። ፎርማኑ አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው።

«ይሄን ማን ተለተለው?»

«ሰንጢዬ አምልጦኝ ነው» አለች ሙጬ።

«መስመሩን ዙሪያውን ተከትሎ ነው እኮ ያመለጠዎት፣ እትዬ።»

አንድ አፍታ አያት። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ፤ ግን የሚያየውን አላወቀም። «ግድ የለም፣ ለነገ ይጠንቀቁ። ነገ የአዳራሹን እንጀምራለን» ብሎ ሄደ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ክንዱን ይዛ እያራመደችው፣ ሁለተኛ ጊዜ ነገረችው። «ነገ ሳይጀመር እኔ ልንገረው። ደግ ሰው ነው።» አባ መስመር እርምጃውን አፈጠነ፤ መንገዱን እሱ የሚመራት ይመስል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጫማውን እያሰረችለት ሦስተኛ ጊዜ ነገረችው። ተንበርክካ ስለነበር ፊቱን ቀና ብላ እያየች ነው የተናገረችው፤ እሱ ግን የሚያየው ከእሷ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ነበር።

«ጽጌረዳዋን ሺህ ጊዜ ቆርጫታለሁ» አላት። «ጣቴ ያውቃታል። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል። የኔ ልብ ያያል።»

«መጋዝ ፊት የሚቀመጠው ልብህ አይደለም፤ ጣትህ ነው።»

ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ከዚያ ካነሱኝ ምን ልታደርጊኝ ነው? ግድግዳ አስደግፈሽ ልታስቀምጪኝ? ስትሄጂ እዚህ፣ ስትመለሺም እዚህ? ተይኝ፣ አንቺ ሰው። ድርቡን አጥብቀሽ እሰሪልኝ፤ ሌላውን ለኔ ተይው።»

አጥብቃ አሰረች። ስምንቱን በመዳፏ አስተካክላ፣ ከዳር እስከ ዳር ጠቅልላ፣ የመጀመሪያውን ድርብ ራሷ ወስዳ ከመጋዙ ሰሌዳ ላይ አስቀመጠችለት። የተራ ቁጥሮቹን በጆሮው ነገረችው፤ «መጀመሪያ አበባዋን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ቅጠል፣ ቀጥሎ ግንዱን፣ የዳሩን መጨረሻ።» ራሱን ነቀነቀ። መጋዙ ተነሳ።

አበባዋን በደህና ዞራት። ሙጬ ከበርጩማዋ ላይ ሆና የንቧን ድምፅ ሰማች፤ ትንፋሿም መለስ አለ። የመጀመሪያው ቅጠልም ወጣ። ነገር ግን ስምንት ድርብ እንደ አራቱ አይደለም፤ ስለቱ ይዘገያል፣ እጅ ደግሞ የለመደውን ያህል ይገፋል። ሁለተኛው ቅጠል ላይ ሲደርስ ጣቱ የት እንዳለ ጠፋው። ቅጠሉን እንደምንም ጨርሶ ስለቱን አወጣና ወደ ግንዱ ቀዳዳ ያስገባ መስሎት፣ በዳሩ ቀዳዳ አስገባው። ሙጬ ከእንጨቱ አቀማመጥ አወቀች፤ መጨረሻ መውደቅ የነበረበትን ዳር ቀድሞ እየቆረጠ ነው።

ዳሩ ተቆርጦ ሲወድቅ ዙሪያውን የያዘው ፕላስተር አብሮት ሄደ። ስምንቱ ተፈቱ። የታችኞቹ መንቀጥቀጥ፣ እንደ ጥርስ መንገጫገጭ ጀመሩ። ሌላ ቆራጭ ቢሆን ያቆም ነበር። አባ መስመር ግን ድርብ ሲላላ በእጅ ተጭኖ መያዝን የተማረ የድሮ ሰው ነው። ቀኝ እጁን ሙሉ በሙሉ ከላይ ጫነው፤ የግራ ጠቋሚ ጣቱም በለስላሳው ፕላስተር ላይ የሌለችውን ቦይ ፍለጋ ተነሳች። ወዲህ ዳበሰች፣ ወዲያ ዳበሰች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ስለቱ ትሄድ ጀመር።

ንቧ ተርብ ሆነች።

ሙጬ ወደ እሱ አልሮጠችም። ሦስት እርምጃ ሩቅ ነበር። ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ በቡጢ መታችው። የሥራ ቤቱ ማሽን ሁሉ ባንዴ ዝም አለ፤ አምፖሎቹም ጠፉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁሉም ፊቱን ወደ እሷ ሲመልስ፣ የራሷን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ ያህል ሰማችው።

«አያይም! ሁለት ዓመቱ ነው፣ አያይም!»

ቀቢዋ ብሩሽዋን እንደያዘች ቀረች፤ ቫርኒሹ በጫማዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፎርማኑ ቀረብ ብሎ ድርቡን አነሳ። መስመሩ ከሁለተኛው ቅጠል ጀምሮ እንደ ሰካራም መንገድ ነበር። ከላይ ወደ ታች ስምንቱን አንድ በአንድ ገለጣቸው። ከዚያ የአባ መስመርን ግራ እጅ አንስቶ፣ በጠቋሚ ጣቱ ላይ ያሉትን የዳኑ ቁስሎች አየ። የተተለተለው ፕላስተርም ያን ጊዜ ገባው።

«አባቴ… ለምን አልነገሩኝም?»

አባ መስመር እጁን ቀስ ብሎ ከሰውዬው አስለቀቀ።

«ማለስለሱን ይሠራሉ» አለ ፎርማኑ ቶሎ ብሎ። «በብርጭቆ ወረቀት ለማለስለስ ጣት እንጂ ዐይን አያሻም። እንደርስዎ ጣት የማን አለ? ከዚሁ አይለዩም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ» አለ አባ መስመር። ሽርጡን አወለቀ። አጣጠፈው። ከወንበሩ ላይ አስቀመጠውና በዳር ዳር እይታው የበሩን ብርሃን እየተከተለ ወጣ። ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ሲጋጭ የተሰማው ድምፅ ከመጋዙ ድምፅ ይልቅ ሙጬን ቆረጣት። ሮጣ ደርሳ ክንዱን ስትይዘው፣ «ልቀቂኝ» አላት፤ ድምፁ ቁጣም አልነበረበትም። ከኋላው ሃያ እርምጃ ርቃ፣ እንደማታውቀው ሰው ተከተለችው። ሁለት ጊዜ ከአጥር ጋር ተጋጨ፤ አንድ ጊዜም ከቆመ መኪና ጋር። መኪናውን ይቅርታ ጠየቀው።

ልጃቸው ሰምታ መጣች። በመጀመሪያው ቀን «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም ትያለሽ? ጣቱ ቢቆረጥስ?» ብላ ተቆጣች። በሁለተኛው ቀን አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ስታየው ውላ፣ «እማዬ፣ ምን ነበር ያን ሁሉ ሰው ፊት ባትናገሪው?» አለቻት። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሙጬ ሥራዋን አልተወችም። ከሁለቱ አንዱ መሥራት ነበረበት። ከመስኮቱ ሥር አሁን ፎርማኑ ራሱ ይቀመጣል፤ ስምንት ድርብ ታስርለታለች፤ ደህና ይቆርጣል። አዳራሹ ወንበሮቹን በጊዜው ተረከበ። ድርቡ ሲላላ ማሽኑን ያቆማል፤ ጠርቶ ያሳያታል፤ እንደገና ታስረዋለች። እንዲህ ቀላል ነው። ከጣቶቿ ላይ የኮላው ቅርፊት ጠፍቷል፤ ግን ዛሬም ሙጬ ነው የሚሏት።

አባ መስመር ቤት ነው። አይጮህም፣ አይሳደብም፣ የቀረበለትን ይበላል። ጨዋታ ግን ቀረ። የጎረቤት ሰው «እንዴት ዋሉ?» ሲለው «ደህና፣ ተመስገን» ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለውም። ሙጬ ስትገባ የእግሯን ኮቴ ይለየዋል፤ ፊቱን ግን ወደ መጣችበት አያዞርም። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከገመድ ያወረደችውን ልብስ አልጋው ላይ አድርጋ ስታጣጥፍ፣ ሳታስበው ተናገረ።

«ብቻችንን ሳለን ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ እነሳ ነበር።»

እጇ በሸሚዙ ላይ ቆመ።

«በሰው ፊት አደረግሽው እንጂ፣» አላት፣ «ቤታችን ውስጥ፣ ለኔ ብቻ፣ ተነስ ብትዪኝ… እኔ ግትር ሰው ነኝ? እነሳ ነበር። ስትነግሪኝ ያልሰማሁሽ መቼ ነው?»

ሙጬ አየችው። የምታየውን እንደማያያት እያወቀች ትክ ብላ አየችው። ጥፍሩ የተሰነጠቀበት ቀን በአፏ ጫፍ ላይ ነበር፤ ክንዱን ይዛው የመጡበት መንገድም፣ የጫማው ማሰሪያም። አንዱን ብቻ ብትጠራ ይበቃ ነበር። ሰውዬው ግን ወራት ሙሉ በዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ያገኘው መደገፊያ ይህ ብቻ ነው።

«ልክ ነህ» አለችው። «ብነግርህ ትነሳ ነበር። ሳልነግርህ ቀርቼ ነው።»

ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፤ ትንፋሹም ረዘም ብሎ ወጣ። እሷም የሸሚዙን እጅጌ ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ቀጣዩን አነሳች።